ያረጀ መኪና ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ምንጩ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይጠገናል?

ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ከቆመበት ሲነሣ መሬት ላይ ጥቁር ጠብታ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው። የተለመደ በመሆኑም ባለ መኪናው ወይ «ያረጀ ሞተር መቼም ያፈሳል» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም ምንጩ ሳይጣራ ሞተሩ መውረድ አለበት የሚል ብያኔ ሰምቶ ይደነግጣል። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው እሱ ነው፤ ቸልታው ዘይት አልቆበት የተቃጠለ ሞተር ላይ ሊያደርሰው ይችላል፣ የችኮላው ብያኔ ደግሞ በአንዲት የጎማ ቀለበት ሊፈታ ለሚችል ችግር ከባድ ወጪ ያስወጣዋል። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው ብዙ ጊዜ በሚዘለለው ጉዳይ ላይ ነው፦ ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ቦታና ዘይቱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በዚህም ምክንያት ትልቁ ሥራ ጥገናው ሳይሆን ምርመራው ነው።

ዘይቱ በሞተር ውስጥ የሚዞረው እንዴት ነው?

የሞተር ዘይት የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር በተገጠመው ኮፓ ውስጥ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር በሆኑ አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ መጠኑ ከ3.5 እስከ 5 ሊትር ይሆናል። ሞተሩ ሲነሣ የዘይት ፖምፓው ዘይቱን ከኮፓው ይስብና በፊልትሮው አሳልፎ፣ በቀጫጭን መተላለፊያዎች በኩል ወደ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ)፣ ወደ ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ዘንግ) እና ወደ ሌሎቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ይገፋዋል። በየቦታው ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ካደረገ፣ ሙቀትና ቆሻሻም ከተሸከመ በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ኮፓው ይወርዳል።

ለፍሳሽ ምርመራ ጠቃሚው ነጥብ፣ ከዚህ ዑደት ከፊሉ በግፊት፣ ከፊሉ ደግሞ ያለ ግፊት የሚካሄድ መሆኑ ነው። ከፖምፓው በኋላ ያለው መስመር በግፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ሞተሩ ሞቆ በመደበኛ ፍጥነት ሲዞር ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ባር ይደርሳል። የዘይት ፊልትሮው፣ የዘይት ግፊት ቡልቦው (ግፊቱ ሲወርድ የዳሽቦርዱን የዘይት መብራት የሚያበራው)፣ ቱርቦ ባላቸው መኪኖች ላይም ለቱርቦው ዘይት የሚያደርሰው ቧንቧ በዚህ መስመር ላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ ዘይቱ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በኃይል ይወጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ወዲያው ይቆማል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም በደቂቃዎች ውስጥ ኮፓውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። በሞተሩ አናት ያለውን የቫልቭ ክዳን፣ ኮፓውንና የዘንጎቹን ጫፎች የሚነካው ዘይት ግን የሚረጭ ወይም ቁልቁል የሚወርድ ስለሆነ ፍሳሻቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለወራት ማላብ ብቻ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መንጠባጠቡን ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናው የሚያፈሰው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው ወይስ ቆሞም ጭምር የሚለው ጥያቄ፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ተጠርጣሪዎቹን በግማሽ ይቀንሳል።

ዕድሜ ምን ያደርጋል?

ሞተር ብዙ ክፍሎች በብሎን ተጋጥመው የተሠራ ነው። በየመጋጠሚያው መካከል ክፍተቱን የሚዘጋ ጓርኒሲዮን ይገባል፤ የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ኦይል ሲል የሚባለው፣ ከንፈሩ ዘንጉን አቅፎ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ይገጠማል። ጓርኒሲዮኖች ከወረቀት፣ ከቡሽ፣ ከጎማ ወይም ከብረት ይሠራሉ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲሊኮን ይቀባል።

ሞተር በሠራ ቁጥር ዘይቱ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል፣ መኪናው ሲቆም ደግሞ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ይህ ሙቀትና ቅዝቃዜ ለዓመታት ሲፈራረቅ ቡሹ ይኮማተራል፣ ወረቀቱ ይደርቃል፣ ጎማው ደግሞ የመለጠጥ ባሕርዩን ያጣል። ከአሮጌ ሞተር የቫልቭ ክዳን ሥር የወጣን የጎማ ጓርኒሲዮን ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ማየት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል፤ አዲሱ በጣት ሲጫኑት ይለመጥና ተመልሶ ይቀናል፣ አሮጌው ግን ተጨምቆ የኖረበትን ጠፍጣፋ ቅርጽ እንደያዘ ደርቆ ይገኛል፣ ሊያጥፉት ሲሞክሩም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንዲህ የደረቀ ጎማ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ክፍተቱን ተከትሎ ሊሞላ አይችልም። ፍሳሽን ብሎን በማጥበቅ ብቻ ለማስቆም የሚደረገው ሙከራ ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

በእርግጥ የሞተር ዘይት ነው?

ከመኪና ሥር የሚገኝ እርጥበት ሁሉ የሞተር ዘይት አይደለም። በቀዳሚነት መደረግ ያለበት፣ መኪናው በሚያድርበት ቦታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ወይም ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ነው፤ ካርቶኑ የጠብታውን ቀለምም ጠብታው ያረፈበትን ቦታም በአንድ ጊዜ ያሳያል። የሞተር ዘይት ከቡናማ እስከ ጥቁር ቀለም ያለውና ሲነኩት የሚያንሸራትት ነው። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ፈሳሽ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለሙ የነጣ ወይም ቢጫማ ሲሆን፣ ይህ ከተገኘ መኪናው ሳይጠገን መነዳት የለበትም። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በሙቀት ጊዜ ንጹሕ ውኃ ማንጠባጠቡ ጤናማ ነው።

ዘይት እየጎደለ ካርቶኑ ደረቅ ከሆነስ? በዚህ ጊዜ ሞተሩ ዘይቱን እያቃጠለው ሊሆን ይችላል፤ ከማርሚታው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የዚህ ምልክት ነው። የተበላ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) ወይም የደረቀ የቫልቭ ሲል የሚያስከትለው ይህ ችግር ከፍሳሽ የተለየ ጥገና ይፈልጋል። ሆኖም በጉዞ ላይ ብቻ የሚያፈስ ሞተርም ማደሪያውን ላያቆሽሽ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቅ ካርቶን ብቻውን ፍሳሽ ላለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

ምንጩ እንዴት ይገኛል?

ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው ከቀዳዳው ገብቶ በማገሩ ላይ እየሄደ፣ ከቀዳዳው ርቆ በሚገኝ የኮርኒስ ጥግ ይንጠባጠባል፤ በኮርኒሱ ጥግ ትክክል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ከላይ ይወጣና በሞተሩ ጎን ወርዶ፣ በኮፓው ጠርዝ ዞሮ፣ ዝቅተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋውም ዱካው በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። በዚህ ምክንያት መርማሪው የሚፈልገው ዘይት የበዛበትን ቦታ ሳይሆን፣ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ በጣም ከፍ ያለውንና በጣም ወደ ፊት የሚገኘውን ነጥብ ነው።

ይህን ነጥብ ለማግኘት ሞተሩ መታጠብ አለበት። የዓመታት ቅባትና አቧራ በተጋገረበት ሞተር ላይ የዛሬው ፍሳሽ ካለፈው ዓመት ፍሳሽ ሊለይ አይችልም። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ጀነሬተሩ፣ ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው)፣ የአየር መሳቢያውና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹ በፕላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ቅባት አሟሚ ፈሳሽ ይረጫል፣ በብሩሽ ይታሻል፣ ከዚያም በዝቅተኛ ግፊት ውኃ ይታጠባል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ማገናኛዎች ውስጥ ስለሚገባና ያረጁ ሲሎችን ስለሚጎዳ አይመከርም። ሞተሩ ሲደርቅ አስነሥቶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማሠራትና በደንብ በሚያበራ የእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች ማየት ይገባል። ምንም ካልታየ አጭር ጉዞ አድርጎ መመለስና እንደገና ማየት ነው፤ አንዳንድ ፍሳሽ የሚታየው ሞተሩ ጭነት ሲኖርበት ብቻ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተርን ሲመረምሩ እጅ፣ ልብስና ጸጉር ከቺንጋዎቹና ከማራገቢያው መራቅ አለባቸው።

ዓይን ብቻውን ካልበቃ ሁለት አጋዥ ዘዴዎች አሉ። ቀላሉ በታጠበውና በደረቀው ሞተር ላይ የሕፃናት ፓውደር መንፋት ነው፤ ዘይቱ ከወጣበት ቦታ ጀምሮ በነጩ ዱቄት ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይሥላል። ሌላው ከሞተር ዘይቱ ጋር የሚቀላቀል ልዩ ቀለም መጠቀም ነው። ቀለሙ ከተጨመረ በኋላ መኪናው ጥቂት ተነድቶ በጨለማ ቦታ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ፣ የሚያፈሰው ቦታ ደማቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቀስ ብለው ለሚያፈሱና ለዓይን አስቸጋሪ በሆነ ሥፍራ ለሚገኙ ምንጮች ከዚህ የተሻለ ዘዴ ለማግኘት ያዳግታል።

በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የትኞቹ ቦታዎች ናቸው?

በአሮጌ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ምንጭ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) አናት ላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ከዚያ የሚወጣው ዘይት በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲያርፍ ይቃጠላል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ከኮፈኑ ሥር የሚመጣው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። የካንዴላ ጉድጓዶች በክዳኑ መሐል በሚያልፉባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ትንንሾቹ የጉድጓድ ሲሎች ሲደርቁ ዘይቱ ወደ ካንዴላዎቹ ይወርዳል፣ ሞተሩም ምት ይስታል። ካንዴላ ሲፈታ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህ ጓርኒሲዮን ከኋላ በኩል ሲያፈስ የሚፈጥረው ስሕተት ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ይንጠባጠባል፤ ይህ ቦታ ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል ሲበላሽ ዘይት የሚታይበት ቦታ ነው። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ላይ በቴስታታው ጫፍ የሚገጠመው ዲስትሪቢዩተር ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ሲደርቅም ተመሳሳይ ዱካ ይተዋል። የኋላው ኦይል ሲል የሚቀየረው ካምቢዮው ወርዶ ስለሆነ፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ ሳይጣሩ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ትልቅ ሥራ አሠርቶ ፍሳሹን ይዞ ይመለሳል።

የዘይት ግፊት ቡልቦው ሌላው በቀላሉ የሚረሳ ምንጭ ነው። የኤሌክትሪክ ማገናኛው ሲነቀል ውስጡ ዘይት ከተገኘ ቡልቦው በውስጡ ተቀዷል ማለት ነው፤ በራሱ ቁልፍ ፈቶ አዲስ ማሰር ይበቃል። ዘይት ከተቀየረ በኋላ ወዲያው የጀመረ ፍሳሽ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት የሚታዩት ፊልትሮውና የኮፓው ማፍሰሻ ብሎን ናቸው። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ከሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ከታሰረ፣ ሁለቱ ጎማዎች ግፊቱን ስለማይችሉ ዘይቱ በኃይል ይወጣል። ፊልትሮ በተፈታ ቁጥር የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጎ ማየት ይህን አደጋ ያስቀራል።

ከሞተሩ ፊት ለፊት የክራንክ ሻፍቱና የካም ሻፍቱ ኦይል ሲሎች አሉ። እነዚህ ሲያፈሱ የሚሽከረከረው ፑሊ ዘይቱን በዙሪያው ስለሚረጨው በክብ የተረጨ ዱካ ይታያል። እዚህ ያለው አደጋ ዘይቱ ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቱን አያይዞ የሚያዞረውን የታይሚንግ ቺንጋ መንካቱ ነው፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ይላላል፣ ይቀደዳልም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ።

የኮፓው ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይወነጀላል፤ ከላይ የወጣ ዘይት ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ስለሆነ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ መነካት የለበትም።

አዲስ ጓርኒሲዮን ተገጥሞ ለምን ተመልሶ ያፈሳል?

ይህ ጥያቄ ከብዙ ባለ መኪናዎች የሚሰማ ሲሆን፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ በተጠራቀመ ግፊት ላይ ይገኛል። በሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ፋሻዎቹ አልፎ ወደ ታች፣ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ይህ በአዲስ ሞተርም የሚሆን ነገር ነው። በቀድሞ ሞተሮች ላይ ጋዙ በቧንቧ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን አየር እንዳይበክል ፒሲቪ ቫልቭ በሚባል መተንፈሻ በኩል ተመልሶ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ ገብቶ እንዲቃጠል መደረግ ጀመረ። መተንፈሻው ወይም ቱቦው በጥላሸትና በረጋ ዘይት ሲደፈን ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዘይቱንም ደካማ ሆኖ ባገኘው ሲል በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንዱ ሲል ሲቀየር ቀጥሎ ደካማ የሆነው ማፍሰስ ይጀምራል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ማፍሰስ የጀመረ ሞተር ሲገኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ መተንፈሻ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብሎ በሚሠራበት ጊዜ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይከፈትና በአፉ ላይ ስስ ወረቀት ይደረጋል፤ ትኩስ ዘይት የሚረጩ ሞተሮች ስላሉ እጅና ፊትን ማራቅ ይገባል። ወረቀቱ በቀስታ ወደ ውስጥ ከተሳበ መተንፈሻው ይሠራል። በተቃራኒው ወረቀቱ ከተነሣና ጭስ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም ፋሻዎቹ ተበልተው የሚያልፈው ጋዝ ከመጠን በላይ ሆኗል። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ያላቸውን ዓይነት ፒሲቪ ቫልቭ ነቅሎ ሲነቀንቁት በውስጡ ያለው ፍሬ መንኳኳት አለበት፤ ካልተንኳኳ ተጣብቋል። ቫልቩን ቀይሮ ቱቦውን ማጽዳት ከጥገናዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ምንም ሳይነካ ፍሳሹን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ጥገናው ምን ይመስላል?

የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን መቀየር ጥንቃቄ ያለው ሰው በተራ መፍቻዎች ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ክዳኑ ሲነሣ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅም ዙሪያው አስቀድሞ መጽዳት አለበት። የሚነቀሉት ሽቦዎችና ቱቦዎች ምልክት ይደረግባቸዋል። ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ካለ ጎኑን በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም፤ በአልሙኒየም ላይ የሚተርፈው ጭረት ራሱ አዲስ የፍሳሽ መንገድ ይሆናል። የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ ተፍቆ ሁለቱም ፊቶች ከቅባት ነጻ እስኪሆኑ ይጠረጋሉ።

ክዳኑ ከስስ ብረት የተሠራ ከሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ቀደም ሲል አንድ ሰው ፍሳሽ ለማስቆም ብሎ ብሎኖቹን ከልክ በላይ አጥብቆ ከነበረ፣ በየብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይገኛል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ጠርዝም ጓርኒሲዮኑን አይነካም። ይህ ቀጥ ሳይል የሚገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን በሳምንታት ውስጥ ያፈሳል። በአዲሱ ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን የሚቀባው አምራቹ ባመለከታቸው ማእዘኖች ላይ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። «ይብዛ ምን ይጎዳል» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ሲሊኮን ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ይጠብቃሉ። ብዙ ሞተሮች የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው የጥገና መመሪያ ላይ ይገኛል።

የማፍሰሻው ብሎን ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በብሎኑ ሥር የሚገባውን የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ቀለበት በመቀየር ይቆማል። ቀለበቱ ተጨፍልቆ እንዲዘጋ የተሠራ በመሆኑ በየዘይት ቅያሪው አዲስ ማድረግ ተገቢ ነው። ጥርሱ የተበላ ኮፓ ግን በማጥበቅ አይድንም፤ አዲስ ጥርስ ማውጣት ወይም ኮፓውን መቀየር ያስፈልጋል። ፊልትሮ ሲታሰር ጎማው ላይ ጥቂት አዲስ ዘይት ይቀባል፤ ጎማው ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ማጥበቅ ለአብዛኞቹ ይበቃል።

የዘንግ ኦይል ሲል ሲቀየር ደግሞ አሮጌው ከወጣ በኋላ በዘንጉ ላይ ጥፍርን ቀስ አድርጎ ማስኬድ ያስፈልጋል። የሲሉ ከንፈር ለዓመታት አንድ መስመር ላይ ሲፋተግ ብረቱን ፈልፍሎ በጥፍር የሚሰማ ቦይ ሊሠራ ይችላል። አዲሱ ሲል እዚያው ቦይ ላይ ካረፈ ያፈሳል፤ ስለዚህ መቀመጫው ከፈቀደ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አድርጎ መግጠም፣ ካልሆነም በዘንጉ ላይ ስስ የብረት እጅጌ ማልበስ መፍትሔ ነው። የፊት ሲሎች ከታይሚንግ ቺንጋው ቅያሪ ጋር አብረው ቢቀየሩ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ መፍታት ይቀራል። የኋላው ሲል ተራ ሲደርስም ካምቢዮው መውረዱ ካልቀረ፣ ዘይት የነካውን የፍሪሲዮን ዲስክና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ በዚያው መቀየር ይሻላል።

ከመኪናው ሥር ገብቶ መሥራት ካስፈለገ በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር በፍጹም መግባት አይገባም። መኪናው በጠንካራና በተደላደለ መሬት ላይ ሆኖ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) መደገፍ፣ ጎማዎቹም መታገድ አለባቸው።

በጠርሙስ የሚሸጡት የፍሳሽ ማስቆሚያዎች ይሠራሉ?

በከፊል። እነዚህ ፈሳሾች የደረቀን ጎማ ለማለስለስና ጥቂት እንዲያብጥ ለማድረግ የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ የደረቀ ግን ያልተቀደደ የጎማ ሲል ላይ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ፣ ፍሳሹን ሊቀንሱ ይችላሉ። በተሰበረ ጓርኒሲዮን፣ በቡሽ፣ በወረቀት፣ ቦይ ባወጣ ዘንግ ወይም በላላ ብሎን ላይ ግን ሥራቸው የለም። የኋላውን ሲል ለመቀየር ጊዜ ለመግዛት መሞከር ምክንያታዊ ነው፤ በሌላ ቦታ ግን ምርመራን የሚተኩ አይደሉም።

ወፍራም ዘይት መጨመርም እንዲሁ ፍሳሹን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይዘጋውም፤ ሞተሩ በቀዝቃዛ ጊዜ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል የሚደርስበትን ጊዜም ያራዝመዋል። አምራቹ ከፈቀደው የውፍረት ክልል መውጣት አይመከርም። ሲንተቲክ ዘይት ፍሳሽ ያመጣል የሚለው ስጋት ደግሞ መሠረት ያገኘው ከቀደምቶቹ ሲንተቲክ ዘይቶች ነው፤ አንዳንዶቹ ጎማ ያኮማትሩ ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ይህ ተስተካክሎላቸዋል። ዛሬ የሚያጋጥመው፣ የማጽዳት ኃይሉ ከፍ ያለ አዲስ ዘይት በተበላሸ ሲል ላይ ተጋግሮ ፍሳሹን ይዞት የነበረውን ዝቃጭ ማጠቡ ነው። ጉድለቱ ቀድሞም ነበረ፤ ዘይቱ ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

መቼ ነው መንዳት ማቆም የሚገባው?

የሚያፈስ መኪና ሁሉ የግድ ዛሬውኑ መጠገን የለበትም። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በግምት ከ20 እስከ 30 ጠብታ ይወጣዋል፤ በአንድ ሌሊት 10 ጠብታ የሚጥል መኪና ከግማሽ ሚሊ ሊትር የበለጠ አያጣም፤ በመሬቱ ላይ የሚተወው ጥቁር ክብ ግን ከመጠኑ በላይ ያስፈራል። በጉዞ ላይ በነፋስ እየተወሰደ የሚጠፋው ዘይት በበኩሉ ምንም ምልክት አይተውም። ስለሆነም የፍሳሽ ትክክለኛ መለኪያ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ነው። መኪናው በሜዳማ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዘንጉ ተስቦ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ገብቶ ይነበባል። በብዙ መኪኖች ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። የተነዳውን ኪሎ ሜትርና የተጨመረውን ዘይት በማስታወሻ መያዝ ፍሳሹ እየባሰ መሆኑን ከማንኛውም ግምት በተሻለ ያሳያል። በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር የሚያጎድል መኪና አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው እንደ መጨረሻ ወሰን የሚያዩት ደረጃ ላይ ደርሷል።

ሊዘገይ የማይገባው ፍሳሽ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚያርፈው፣ የታይሚንግ ቺንጋን ወይም ፍሪሲዮንን የሚነካውና በግፊት መስመር ላይ ያለው ነው። የሞተር ዘይት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ የጭስ ማውጫው ደግሞ በጉዞ ላይ ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ይግላል። የዘይት ምልክት ያለበት ቀይ መብራት በዳሽቦርድ ላይ ከበራ መኪናውን በደህና ቦታ አቁሞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። ዘይቱ መጉደል ሲጀምር አያስጠነቅቅም፤ የሚበራው ፖምፓው የሚስበው ዘይት ካጣ በኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ «እስከ ቤት ይድረስልኝ» ተብሎ የተነዳ ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ (ተጣብቆ መዞር ሊያቆም) ይችላል።

ከጥገናው በኋላ ምን ይታያል?

የተሠራው ቦታና ዙሪያው በሚገባ ይታጠባል፤ ቀለም ተጨምሮ ከነበረም ዱካው መጥፋት አለበት፣ አለበለዚያ ቀጣዩን ምርመራ ያሳስታል። ሲሊኮን ከተቀባ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይሞላ ሞተሩ አይነሣም። ከዚያም ሞተሩ እስኪሞቅ ሠርቶ ይታያል፣ አጭር ጉዞ ተደርጎ ይታያል፣ አድሮም ጠዋት ይታያል። የቡሽ ጓርኒሲዮን የተገጠመለት ሞተር ከመጀመሪያዎቹ መሞቅና መቀዝቀዞች በኋላ ብሎኖቹ ጥቂት ሊላሉ ስለሚችሉ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በተወሰነላቸው ኃይል እንደገና መጥበቅ ያስፈልጋቸዋል። በሞተሩ ሥር ባለው መከላከያ ላይና በኮፓው ጠርዝ ተጠራቅሞ የቆየ አሮጌ ዘይት ለቀናት ሊንጠባጠብ እንደሚችል ማወቅ ጥሩ ነው፤ እነዚህን ጠብታዎች አይቶ የተሠራውን ሥራ ከመፍታት በፊት፣ ጠርጎ ካርቶኑን እንደገና ማንጠፍና የላይኛው ቦታ ደረቅ መሆኑን በባትሪ ማየት ይቀድማል።